ነጻ የገንዘብ ትምህርት፦ የትኛው ክፍል ለማን?

ባለፈው ወር «ነጻ የገንዘብ ትምህርት» የሚል አራት መልእክት ደረሰኝ። አንዱ ከካውንቲያችን ቤተ መጻሕፍት ነው። አንዱ ከባንክ። አንዱ ቤት መግዛት ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው። አራተኛው በቴሌግራም ግሩፕ የመጣ ሲሆን ከታች «ምሳ ተዘጋጅቷል» ይላል። ሀበሻ የትኛው ጋ እንደሚሞላ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

እኔም እንዲህ ያለ ምሳ በልቼ አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ ሬስቶራንት የጀርባው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ጥብስ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ፕሮጀክተር አለ። ሱፍ የለበሰው ልጅ ንግግር ያውቅበታል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የእውነት ትምህርት ነበር። ወለድ በወለድ ላይ እንዴት እንደሚወልድ፣ የኑሮ ውድነት የተቀመጠ ገንዘብን እንዴት እንደሚበላ አስረዳን። ከዚያ ነገሩ ዞር አለ። ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መስመር መጣ። «ገበያው ሲወጣ አብራችሁ ትወጣላችሁ፣ ሲወርድ ግን አትወርዱም» አለን። ለካ የሚሸጠው የሕይወት መድን ነው።

መጨረሻ ላይ ወረቀት ታደለ። ስም፣ ስልክ፣ ገቢ፣ ቀጥሎ ደግሞ «ይህ ትምህርት ይጠቅማቸዋል የምትሏቸው 10 ሰዎች ስልክ»። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የእህታቸውን፣ የልጃቸውን፣ የነፍስ አባታቸውን ቁጥር ሳይቀር ጻፉ። እኔም ፈረምኩ፣ በወር 200 ዶላር። ዓመት ከምናምን ከከፈልኩ በኋላ ሥራ ቀየርኩና አቃተኝ። ላቋርጥ ስል የማቋረጫ ቅጣቱ ያጠራቀምኩትን ጠራርጎ ወሰደው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼኔ ነው።

የሕይወት መድን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ላለው ሰው አስፈላጊ ነው። የተናደድኩት መድኑ ትምህርት መስሎ ስለመጣ ነው።

ይህን የምጽፈው ያንን ስህተት ሌላው እንዳይደግመው ነው። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዲሲና ከአካባቢው ናቸው። ሲያትልም ሆነ ዳላስ ያላችሁ ስሞቹን በራሳችሁ ከተማ ተኩ። አሠራሩ ብዙም አይለያይም።

አስተማሪው ከየት ይበላል?

ከዚያ ወዲህ «ነጻ» የሚል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ነጻ የሆነው ለእኛ ነው እንጂ የአዳራሹን ኪራይ የሚከፍል፣ ሰውየውን የሚያሰማራ አካል የግድ አለ። ወይ መንግሥት ይከፍላል፣ ወይ ባንክ፣ ወይ በእርዳታ የሚንቀሳቀስ ድርጅት። አለዚያ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ዛሬ ሳይሆን ውል የፈረማችሁ ቀን።

ባንክ ለምን እንደሚከፍል ታውቃላችሁ? ደግነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ኮሚዩኒቲ ሪኢንቨስትመንት አክት የሚባል ሕግ አለ። ባንኮች ገንዘብ የሚሰበስቡበትን አካባቢ፣ ገቢው ዝቅ ያለውን ሰፈር ጨምሮ፣ ማገልገል አለባቸው ይላል። ተቆጣጣሪዎች በየጊዜው ያንን እየመዘኑ ደረጃ ይሰጧቸዋል። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው የገንዘብ ትምህርት መስጠትም በምዘናው ይታሰብላቸዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የመጣው የባንክ ሠራተኛ ሥራው ላይ ነው። እናንተም ትማራላችሁ፣ ባንኩም ነጥቡን ያገኛል። ይህ ምንም ክፋት የለውም። ቢበዛ ሒሳብ ክፈቱ ይላችኋል። ክሬዲት ዩኒየኖችን ይህ ሕግ አይመለከታቸውም። እነሱ ግን የአባላት የጋራ ንብረት ስለሆኑ አባል ማስተማር ከመነሻው መርሃቸው ነው።

አስተማሪው ራሱን «የፋይናንስ አማካሪ» ብሎ ካስተዋወቀ ስሙን ጠይቃችሁ ፈልጉት። አክሲዮንና መሰል ነገር የሚሸጥ ከሆነ ፊንራ የተባለው ተቆጣጣሪ ብሮከርቼክ የሚባል ነጻ መፈለጊያ አለው። የተከሰሰበት ወይም የተቀጣበት ታሪክ ካለ ያወጣዋል። መድን የሚሸጥ ከሆነ ፈቃዱን የየስቴቱ የመድን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ። ከሁሉም የሚቀለው ግን ስልክ ደውሎ «እዚያ የሚፈረም ነገር አለ?» ማለት ነው።

ቤተ መጻሕፍት፣ ወይስ ቤት ቁጭ ብሎ?

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የገንዘብ ትምህርት አልፎ አልፎ ይሰጣሉ። ኤፕሪል የገንዘብ ትምህርት ወር ስለሚባል ያኔ ይበዛል። በሰሜን ቨርጂኒያ ቨርጂኒያ ኮኦፐሬቲቭ ኤክስቴንሽን የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ክንድ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ ያሰማራል። ከእነዚህ ውስጥ ጡረታ የወጡ ሰዎች አሉ። የሚሸጡት ነገር የለም። ትዕግሥታቸው ደስ ይላል።

ብዙ ቦታ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ መኒ ስማርት ይባላል። ያዘጋጀው ኤፍዲአይሲ ነው፤ ባንክ ያስቀመጥነውን ገንዘብ እስከ 250 ሺህ ዶላር ዋስ የሚሆነው የፌዴራል መሥሪያ ቤት። ትምህርቱ በ2001 ተጀመረ። የአዋቂዎቹ 14 ክፍል አለው፦ ባጀት፣ ቁጠባ፣ ክሬዲት፣ ብድር፣ ቤት፣ ከአጭበርባሪ መጠበቅ። ለወጣቶች፣ ለአረጋውያንና ለአነስተኛ ነጋዴዎችም ለየብቻ አለው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ምርጫው። ይኸው ትምህርት በስልክ የሚጫወቱት ጌም ሆኖም ቀርቧል። እሱም 14 ነው፣ ነጻ ነው፣ ሰው አያይም። ማታ ከሥራ ተመልሶ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ መሥራት ይቻላል። ታዲያ ለምን ቤተ መጻሕፍት ድረስ ይኬዳል?

ለጥያቄው። አንድ ቀን ከእኔ ፊት የተቀመጠ ልጅ «ክሬዲት ካርዴን በየወሩ ሙሉ ከከፈልኩ ባንኩ ምን ይጠቀማል? ስኮሬንስ አይቀንሰውም?» አለ። የጠየቀው ሰው ሁሉ ትንሽ ዕዳ ማስተረፍ ስኮር (አበዳሪ ምን ያህል እንደሚያምናችሁ የሚያሳየው የክሬዲት ነጥብ) ያሳድጋል ብሎታል። እኛ ሰፈር የሚዞር ትልቅ ውሸት ነው። አስተማሪዋ ሴት ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ገላገለችው፦ ሙሉውን ክፈል፣ ወለድ በመክፈል የሚያድግ ስኮር የለም። ስልክ ላይ ያለ ጌም ይህንን አይሰማም፣ ያልጠየቁትን አይመልስም።

ድክመቱስ? ሁለት አለው። ትምህርቱ ለሁሉም ስለሆነ ለማንም ልክ አይመጣም። ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው፣ ካልሆነም ስፓኒሽ። አገሩን ገና ለለመደ፣ እንግሊዝኛው መካከለኛ ለሆነ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። እዚህ 15 ዓመት ኖሮ ዕዳ ለያዘው ሰው ግን ጊዜ ማባከን ይሆንበታል።

የራሳችሁን ወረቀት የሚያይ ሰው

እንደኔ ከሆነ ከነጻው ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ክፍል ውስጥ ተደርድሮ መስማት ሳይሆን አንድ ለአንድ መቀመጥ። ሃድ የሚባለው የፌዴራል ቤቶች መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሰጣቸው የቤት አማካሪ ድርጅቶች በየስቴቱ አሉ። በ800-569-4287 ከደወላችሁ ቅርባችሁ ያለውን ይነግሯችኋል።

ጓደኛዬና ባለቤቱ የሄዱ ቀን ለማስተርጎም አብሬ ሄጃለሁ። እሱ ኡበር ይነዳል፣ እሷ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። አማካሪዋ አስቀድማ የሁለት ዓመት ታክስ፣ የቅርብ ወራት የባንክ ወረቀትና የደሞዝ ደረሰኝ አምጡ ብላለች። ቢጫ ማርከር ይዛ መስመር በመስመር ወረደች። አንድ ቦታ ቆመች።

«በየወሩ 600 ዶላር ትወጣለች። ምንድን ናት?»

«ዕቁብ» አለ ጓደኛዬ። ወደኔ ዞረ። ዕቁብን በእንግሊዝኛ ማስረዳት እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል። 20 ሰው ነን፣ እያንዳንዳችን 600 እናወጣለን፣ ዕጣ የወጣለት 12 ሺውን ይወስዳል አልኳት። ሴትየዋ ሳቀችና ማርከሯን አስቀመጠች። «ቆንጆ ነው» አለች። «ግን 12 ሺው የገባ ዕለት የሞርጌጅ ባንኩ ከየት መጣ ይላችኋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ለመግዛት ስታመለክቱ አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የባንክ ወረቀት ያያል። ከደሞዝ ውጭ ድንገት ዱብ ያለ ትልቅ ገንዘብ ካገኘ ምንጩን በማስረጃ አሳዩ ይላል። ዕዳ ይሁን፣ ስጦታ ይሁን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ምክሯ ሁለት ነበር። ዕጣው ቀደም ብሎ እንዲደርሳችሁ ተነጋገሩ፣ ገንዘቡም ከማመልከታችሁ በፊት ባንክ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የዕቁቡን ደብተር ያዙ። የአባላቱ ዝርዝር፣ መቼ ስንት እንደተከፈለ፣ የሰብሳቢው ፊርማ። በጥሬ ገንዘብ ከመስጠት በባንክ በኩል ማስተላለፍ ይሻላል፣ ዱካ ይተዋልና።

ይህንን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም። ወረቀቱን ያየች ሴት ግን በ10 ደቂቃ አገኘችው።

ሁለተኛው ግኝት ጓደኛዬን አሳመመው። ታክስ ሲያሠራ የሚፈቀድለትን የመኪናውን ወጪ አንድም ሳይቀር እያስቀነሰ ነው የኖረው። ሕጋዊ ነው፣ መብቱ ነው። ነገር ግን አበዳሪው ለራሱ የሚሠራን ሰው ገቢ የሚቆጥረው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመቱን አማካይ። ወረቀት ላይ ጓደኛዬ ድሃ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ለአንድ ዓመት ተራዘመ።

ቤት ገዢ ለመሆን የሚሰጠው ትምህርት ራሱ ደግሞ ለብቻው ጥቅም አለው። ቨርጂኒያ ሃውሲንግ የሚባለው የስቴቱ የቤት ብድር ተቋም ለጀማሪ ቤት ገዢዎች የሚሰጠው ክፍል ነጻ ነው፣ በኢንተርኔትም በአካልም ይሰጣል። የምስክር ወረቀቱ ለአንዳንድ ብድሮቻቸውና እርዳታዎቻቸው ያስፈልጋል። ዲሲ ውስጥ ኤችፓፕ የሚባል ፕሮግራም አለ። ለዳውን ፔይመንት (ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ) ያለ ወለድ ያበድራል፣ ጣሪያውም በ2022 መጨረሻ ወደ 202 ሺህ ዶላር ከፍ ብሎ ነበር። እዚያ ለመድረስ ግን በፕሮግራሙ የቤት አማካሪ በኩል ማለፍ ግድ ነው። በጀቱ ዓመቱ ሳያልቅ ያለቀበት ጊዜም አለ፣ ስለዚህ ክፍሉን ጊዜው ሲቃረብ ሳይሆን ቀደም ብሎ መውሰድ ነው።

ዋጋ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ድርጅቶች ለገዢዎች ክፍል መጠነኛ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። ቤቱ ሊወሰድበት ለደረሰ ሰው የሚሰጡት ምክር ግን ነጻ ነው። «ቤትህን አስመልስልሃለሁ፣ መጀመሪያ 3 ሺህ አምጣ» የሚል ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

ዕዳ ሲያፍን

የክሬዲት ካርድ ዕዳ ያለበት ሰው ክፍል መግባት አያስፈልገውም። ሐኪም እንጂ የጤና ትምህርት ምን ያደርግለታል? እዚህ ሁለት በር አለ። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው።

አንዱ ለትርፍ ያልቆመ የክሬዲት ምክር ድርጅት ነው። ከ1951 ጀምሮ ያለው ኤንኤፍሲሲ የሚባለው ማኅበር አባሎቹን ያገናኛል። የመጀመሪያው ምክር ብዙውን ጊዜ ነጻ ነው። ካስፈለገ ከባንኮቹ ጋር ተነጋግረው ወለዱን ያስቀንሳሉ፣ እናንተ ዋናውን ሙሉ በሙሉ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ትከፍላላችሁ። በወር ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ አለው።

ሌላው በራዲዮና በፌስቡክ «ዕዳችሁን በግማሽ እናስቀንሳለን» የሚለው ነው። ለባንኩ መክፈል አቁሙ፣ ለእኛ አጠራቅሙ ይላል። እስኪደራደሩ ድረስ ስኮሩ ይወድቃል፣ ባንኩም ሊከስ ይችላል። የእነሱ ድርሻ ደግሞ ቀላል አይደለም። ለአንዳንድ ሰው በፍርድ ቤት ኪሳራ ከማወጁ በፊት የቀረ አማራጭ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ግን የለበትም።

የክሬዲት ሪፖርት (የብድርና የአከፋፈል ታሪካችሁ የተመዘገበበትን) ለማየት ደግሞ ማንም ጋ መሄድ አያስፈልግም። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች ሪፖርታችሁን በየሳምንቱ በነጻ ያሳያሉ፣ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት በሚባለው ድረ ገጽ። ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ «ነጻ ትምህርት» ካያችሁ ሳቁ።

ክፍል ያልሆነው ክፍል

ቪታ የሚባለው ነጻ የታክስ እርዳታ ከ1969 ጀምሮ አለ። የፌዴራሉን የታክስ መሥሪያ ቤት፣ የአይአርኤስን፣ ፈተና ያለፉ በጎ ፈቃደኞች ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ በየቤተ መጻሕፍቱና በየኮሚዩኒቲ ማዕከሉ ታክስ ይሠራሉ። የገቢ ጣሪያው በየጊዜው ይለወጣል፣ በቅርቡ በዓመት 67 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ትምህርት ተብሎ አይጠራም። እኔ ግን ብዙ የተማርኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ስክሪኑን ወደኔ አዙረው እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደሞሉት ነገሩኝ። ለራሳቸው የሚሠሩ ሰዎችን ይቀበላሉ፣ ወጪው የበዛ ወይም የከሰረ ንግድን ግን አይሠሩም።

ኮሌጅ የገባ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ከተረጂው ወንበር ሳይሆን ከረጂው ጎን አስቀምጡት። ሥልጠናው ነጻ ነው፣ ፈተናውን ካለፈ የምስክር ወረቀት አለው፣ ሲቪው ላይ ያምራል። ለ20 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ነጻ የገንዘብ ትምህርት አላውቅም።

ልጆቹስ?

ቨርጂኒያ ውስጥ በ2011 መኸር ዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ጀምሮ ኢኮኖሚክስና የግል ፋይናንስ ሳይወስዱ ሃይስኩል መጨረስ የለም። ስለዚህ ልጃችሁ ያንን ክፍል እየወሰደ ከሆነ ቅዳሜ ሌላ ተጨማሪ ክፍል አስገብታችሁ አታሰልቹት። የጎደለው ቲዎሪ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል እያለች ጁኒየር አቺቭመንት የሚባለው ድርጅት ፋይናንስ ፓርክ ተወስዳ ነበር። ድርጅቱ ከ1919 ጀምሮ ልጆችን ያስተምራል። ፓርኩ እንደ ትንሽ ከተማ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ለሳምንታት ሲዘጋጁ ቆይተው አንድ ቀን እዚያ ይውላሉ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ይሆናል፦ ሥራ፣ ደሞዝ፣ ቤተሰብ ይሰጠዋል። ከዚያ በየሱቁ እየዞረ ቤት፣ መኪና፣ መድን፣ ምግብ ይመርጣል፣ ባጀቱም ልክ መምጣት አለበት።

የኛዋ ሁለት ልጅ ያላት ነጠላ እናት ሆነች። መጀመሪያ ያማረ መኪና ገዛች። የልጆች መዋያ ጋ ስትደርስ ገንዘቡ የለም። መኪናውን መልሳ፣ ቤቱን አሳንሳ፣ እንደገና። ማታ እራት ላይ ዝም ብላ ቆየችና «ማሚ፣ እኔ ትንሽ እያለሁ ለመዋያ ስንት ትከፍይ ነበር?» አለች።

እህቴ እኔን አየችኝ። በኛ ቤት ደሞዝ ልጅ ፊት አይወራም። ትንሽ አሰበችና ተነስታ የመብራቱን ቢል ከፍሪጁ ላይ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከዚህ እንጀምር» አለች።

ይህንን የምለው ለምን መሰላችሁ? ለልጅ ክፍል ስትመርጡ እድሜውን እዩ። 12 ዓመት ላልሞላው ኤፍዲአይሲ በየክፍል ደረጃው ያዘጋጀው ትምህርት ለወላጅም መምሪያ አለው፣ ገበያ ይዞ መሄድ ደግሞ ይበልጣል። ከ13 እስከ 15 ላለው ፋይናንስ ፓርክን የመሰለ ጨዋታ ይገባዋል። ትምህርት ቤቱ ይወስድ እንደሆነ ጠይቁ፣ በግል የሚኬድበት አይደለምና። 16 ያለፈው የሚማረው በራሱ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያ ሥራውን ሲይዝ ክሬዲት ዩኒየን ወስዳችሁ ሒሳብ አስከፍቱለት፣ ደሞዙ ላይ ለምን እንደተቆረጠ ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርት ቤቱ የፋፍሳ ምሽት ካዘጋጀ ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁም ቢሆን ሂዱ። የኮሌጅ እርዳታ ቅጹን እዚያው ከሚያግዝ ሰው ጋር መሙላት ይቻላል።

የራሳችን ቤት

አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ ዲቨሎፕመንት ካውንስል በ1983 ነው የተቋቋመው። ኢዲጂ የሚባለው ክንዱ ለአነስተኛ ንግድ ብድርና ምክር ይሰጣል። ሱቅ ወይም ካፌ ለሚያስብ ሰው እንዲህ ያለው ይሻላል። ስኮር የሚባለው (የክሬዲቱ ስኮር አይደለም) ከ1964 ጀምሮ ያለ የበጎ ፈቃደኛ ነጋዴዎች ማኅበርም በነጻ ያማክራል።

ዕቁባችን አንድ ጉድለት አለበት። 10 ዓመት ሳታቋርጡ ብትከፍሉም ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይታይም። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሚሽን አሴት ፈንድ በ2007 ተቋቁሞ ይህንኑ ዕቁብ የመሰለ ነገር ወለድ የሌለው ብድር አድርጎ መዝግቦታል። ክፍያው ለክሬዲት ቢሮዎች ይላካል፣ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ አጭር የገንዘብ ትምህርት ትወስዳላችሁ። ካሊፎርኒያ በ2014 ለዚሁ ሕግ አውጥታለች። ክሬዲት ለሌለው አዲስ መጤ ከተራ ክፍል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ወለድ በሃይማኖታቸው ለማይፈቀድላቸው ሰዎችም ይመቻል። ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ደግሞ አፍሪካን ዲቨሎፕመንት ሴንተርን ጠይቁ፣ ያለ ወለድ የሚሠሩበት መንገድ አላቸው።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚዘጋጁት ክፍሎች ትልቁ ጥቅማቸው አማርኛ ነው። አደጋቸውም እዚያው ላይ ነው። በወገን ቋንቋ የተነገረን ነገር አንመረምርም። እኔን ያስፈረመኝ ልጅ «እትዬ፣ ጋሼ» እያለ ነበር።

ቋንቋ

እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ የልጃችሁን አፍ አትዋሱ። የ11 ዓመት ልጅ የእናቷን ዕዳ ለአማካሪ ስታስተረጉም አይቻለሁ። ቃሉን አላወቀችም፣ ደንግጣ ግን ነበር። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ አማርኛም በዋነኝነት ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሌላም ቦታ ቢሆን ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ያገናኛሉ። ስትደርሱ ሳይሆን ስትመዘገቡ ነው የሚባለው።

ወደ አራቱ መልእክቶች ልመለስ። የቤተ መጻሕፍቱን ባለፈው ዓመት ለመጣው ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት። የባንኩ የማክሰኞ ጠዋት ስለሆነ ሌሊት ለሚሠራው ጎረቤቴ ይመቸዋል፣ ለእሱ ሰጠሁ። የቤቱን ለጓደኛዬ፣ አሁን የታክሱ ዓመት ስለተስተካከለለት።

አራተኛው ጋ ደወልኩ። አንዲት ትሁት ሴት አነሱ። ምዝገባውን ከጨረስኩ በኋላ «ይቅርታ፣ እዚያ የሚፈረም ነገር ይኖራል?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «እሱን ሲመጡ በአካል እንነጋገራለን» አሉኝ። «ክትፎም አለ።»